ሕንድ ለሕክምና ስትሄዱ፦ ከሪፈር ወረቀቱ እስከ መመለሻው ቲኬት

«እናቴን ሕንድ ልወስዳት ነው፤ ከምን ልጀምር?» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂው ይለያያል፣ በሽታው ይለያያል፣ መልሴ ግን ያው ነው። በድምፅ መልእክት ቆራርጬ ከምልከው አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

የማወራው ስለ ዴልሂና አጠገቧ ስላለችው ጉሩግራም ነው። ቼናይ ወይም ባንጋሎር ለምትሄዱም አብዛኛው ያው ነው። «የትኛው ሆስፒታል ይሻላል?» ለሚለው ግን እዚህ መልስ አታገኙም፤ እሱን የሚወስነው በሽታው ነው።

ሕንድ ደርሶ ከሚገጥመው ጣጣ አብዛኛው መነሻው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ያልተሟላ ወረቀት፣ በቃል የተነገረ ዋጋ፣ ሳይታሰብበት የተመረጠ አስታማሚ። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ያስረዘምኳቸው።

መያዝ ያለባችሁ

- ቢያንስ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት፣ ለታካሚውም ለአስታማሚውም
- የሕክምና ቪዛ ለታካሚው፣ የአስታማሚ ቪዛ አብሮት ለሚሄደው
- የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ
- የሪፈር ወረቀት ወይም የሕክምና ቦርድ ውሳኔ
- የኤምአርአይ፣ የሲቲ ስካን እና የልብ ምርመራ ምስሎች በሲዲ ወይም በፍላሽ፣ ከሪፖርታቸው ጋር
- ባዮፕሲ ተሠርቶ ከሆነ ስላይዱ እና የሰም ብሎኩ (ከታካሚው የተወሰደው ናሙና ያለበት መስታወትና ሰም)
- ታካሚው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ከነመጠናቸው፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለም እሱ
- ሆስፒታሉ የላከው ደብዳቤና የዋጋ ግምት፣ ታትሞ
- የጋብቻ ወይም የልደት ማስረጃ፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ
- የሁሉም ሰነድ ፎቶ በስልክ ላይ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ አገር ቤት በሚቀር ሰው እጅ

1. ስሙንና ቀኑን አስተካክሉ

ሕንድ ውስጥ ታካሚው የሚመዘገበው በፓስፖርቱ ስም ነው። እኛ ጋ ላብራቶሪው «ጸሐይ»ን በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋታል፣ ፓስፖርቱ በሌላ። አንዱ ወረቀት እስከ አያት ይሄዳል፣ ሌላው አባት ላይ ይቆማል። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለእነሱ ሁለት። በተለይ የባዮፕሲ ውጤት ላይ ስሙ ካልገጠመ ሐኪሙ ምርመራውን እንደ አዲስ ሊያሠራው ይችላል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ምርመራ ጀምሮ ካርድ ክፍል ፓስፖርቱን አሳዩና እንደዚያው ያስገቡት።

ቀኑም እንደዚሁ። ሪፖርቱ ላይ በእኛ አቆጣጠር 2017 ተብሎ ከተጻፈ ሕንዳዊው ሐኪም ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት የተነሳ ምስል ያየ ይመስለዋል። ሁሉም ወረቀት ላይ የፈረንጁ ቀን ይግባ።

ምስሉን በፊልም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሐኪሙ ዕጢውን መለካት፣ ማጉላት፣ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት የሚችለው ሲዲው ካለ ነው። ሲዲውን ከመውሰዳችሁ በፊት እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስከፍታችሁ እዩ። ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ካንሰር ከሆነ ወይም ከተጠረጠረ ብሎኩንና ስላይዱን ከፓቶሎጂ ክፍሉ ፈርማችሁ ተቀበሉ። እዚያ እንደገና ያዩታል፤ ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገም ከዚያው ብሎክ ይቆርጣሉ። ብሎኩ ከሌለ ታካሚውን እንደገና በመርፌ መውጋት ነው። በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ሰም ስለሆነ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።

2. ለሁለት ሆስፒታል ራሳችሁ ላኩ

ትልልቆቹ ሆስፒታሎች የውጭ ታካሚዎች ክፍል አላቸው። ኢሜይሉም የዋትስአፕ ቁጥሩም ራሳቸው ድረ ገጽ ላይ አለ። ያንኑ ሰነድ ለሁለት ሆስፒታል ላኩና መልሱን አስተያዩ። ሁለቱ ተመሳሳይ ነገር ካሉ ልባችሁ ያርፋል። አንዱ «ቀዶ ጥገና»፣ ሌላው «መድኃኒት ይበቃል» ካለ ልዩነቱን እዚህ ላለው ሐኪማችሁ አሳዩት። ይህን ማወቅ የሚሻለው ቲኬት ሳይቆረጥ ነው።

ስትልኩ ሦስት ጥያቄ ጨምሩ። የሕክምናው ግብ ማዳን ነው ወይስ ሥቃይ ማስታገስ? ስንት ቀን እንቆያለን? ከተመለስን በኋላ ምን ዓይነት ክትትል ያስፈልጋል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ቤተሰብ መጠየቅ ይፈራል። ግን ቤት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለው የሚወሰነው በእሱ መልስ ነው።

በ«ኤጀንት» ወይም በአስተርጓሚ በኩል መሄድ ነውር አይደለም። ብዙዎቹ ኤርፖርት ይቀበላሉ፣ ቤት ይፈልጋሉ፣ ከሰውም ጋር ያገናኛሉ። ሆኖም ብዙዎቹ ከሆስፒታሉ ኮሚሽን እንደሚያገኙ እወቁ። «እዚያ አትሂዱ፣ እዚህ ይሻላል» ሲባል ምክንያቱ የሕክምና ላይሆን ይችላል። የዋጋ ግምቱን ከሆስፒታሉ በቀጥታ ከያዛችሁ ግን ማን ምን እንደጨመረ ይታያችኋል።

ሐኪሙን ለማጣራት የሕንድ ሐኪሞች መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው፤ በስሙ ፈልጉት። ሆስፒታሉን ደግሞ የኤንኤቢኤች (የሕንድ) ወይም የጄሲአይ (ዓለም አቀፍ) የጥራት ዕውቅና እንዳለው እዩ። ዕውቅናው ሐኪሙ ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። ኢንፌክሽን መከላከል፣ መድኃኒት አሰጣጥ፣ የታካሚ መለያ የመሳሰለው አሠራር ተፈትሿል ማለት ነው።

3. ዋጋውን በጽሑፍ፣ የማይጨምረውንም በጽሑፍ

ሆስፒታሉ «ፓኬጅ» ይላችኋል። ፓኬጅ ማለት ለተወሰነ ቀን የተቆረጠ ዋጋ ነው፦ ይህን ያህል ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ይህን ያህል ቀን መኝታ ክፍል። ከዚያ ያለፈው እያንዳንዱ ቀን ለብቻው ይታሰባል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ምን አይጨምርም?» ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ፦

- ስቴንት፣ ቫልቭ፣ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እና ሌላ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ዕቃ
- ደም። አንዳንዱ ሆስፒታል ለሚሰጠው ደም ምትክ ለጋሽ ይጠይቃል፤ እንግዳ አገር ላይ ለጋሽ ከየት ይመጣል?
- ከቀዶ ጥገና በፊት የሚደረጉ ምርመራዎች
- ውድ አንቲባዮቲኮች
- ከሆስፒታል ስትወጡ የሚታዘዝ መድኃኒት
- የአስታማሚው አልጋና ምግብ

የውጭ ዜጋ ዋጋ ከአገሬው ዋጋ ሊለይ ይችላል። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ሰውዬ በርካሽ ታከመ ብላችሁ አትጣሉ፤ በእጃችሁ ያለው የጽሑፍ ግምት ነው የእናንተ ዋጋ። ከዚያ በላይ ቢያንስ ከ20 እስከ 30 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። ኢንፌክሽን ወይም ትኩሳት ቀኑን ማስረዘሙ ያለ ነገር ነው።

4. ቪዛ፣ ክትባት፣ ገንዘብ

ለትልቅ ሕክምና በቱሪስት ቪዛ አትሂዱ። የሕክምና ቪዛ የሚሰጠው ሆስፒታሉ በሚጽፈው ደብዳቤ ነው። እስከ ሁለት የቅርብ ዘመድ በአስታማሚነት አብሮ መሄድ ይችላል። እኛ በቤተሰብ ስም ስለማንጠራ ሚስት ከባሏ ጋር፣ እናት ከልጇ ጋር ስማቸው አይገናኝም። ዝምድናውን የሚናገረው የጋብቻው ወይም የልደቱ ወረቀት ብቻ ነው። የተተረጎመው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ግዴታ ነው። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ካርድ የሌለው ሰው ኤርፖርት ላይ እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ ከኢሚግሬሽን በፊት ይጠየቃል። ታካሚው ኬሞ ላይ ካለ ወይም የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታስከትቡት፤ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ አለበት። መከተብ የሌለበት ከሆነ ሐኪሙ ይህንኑ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ለውጭ ምንዛሪ ባንካችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የቦርድ ውሳኔውንና የሆስፒታሉን የዋጋ ግምት ያያሉ። የምንዛሪው መመሪያ ከሐምሌ 2024 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ስለተቀየረ ዘመዳችሁ ከዚያ በፊት የሄደበትን መንገድ አትከተሉ። ከቻላችሁ ክፍያውን ከባንክ ወደ ሆስፒታሉ ሒሳብ በቀጥታ አስተላልፉ። ጥሬ ዶላር ከያዛችሁ ግን የባንኩን ወረቀት አብራችሁ ያዙ። ከ5,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ፣ ወይም ጥሬውና የመንገደኛ ቼኩ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ሕንድ የሚገባ ሰው ለጉምሩክ ማስመዝገብ አለበት። ያላስመዘገበ ሊወረስበት ይችላል።

5. አስታማሚ ምረጡ

በጣም የሚያዝነው ዘመድ ምርጥ አስታማሚ አይሆንም። እንግሊዝኛ የሚሞክር፣ ደረጃ መውጣት የማይከብደው፣ ገንዘብ የሚቆጥር፣ ወረቀት የማይጥል ሰው ይሂድ። የሚያለቅሰው ይከተል ካላችሁ ሁለተኛው ቪዛ አለ።

ሌላው አንገብጋቢ ነገር፦ ታካሚው በሽታውን ያውቃል? እኛ ጋ ካንሰርን ከታካሚው መደበቅ የተለመደ ነው። እዚያ ግን ሐኪሙ ታካሚውን እያየ በቀጥታ ሊናገር ይችላል፤ የሚፈረመው የስምምነት ቅጽ ላይም የበሽታው ስም አለ። እናታችሁ ያን ዜና ለመጀመሪያ ጊዜ ከማያውቁት ሰው፣ በአስተርጓሚ አፍ እንዳይሰሙት ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

6. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ስልካችሁን ወደ ሕንድ ሰዓት አዙሩ። ከእኛ በ2 ሰዓት ተኩል ይቀድማል። አቆጣጠሩም እንደ ፈረንጅ ነው፤ «ቀጠሮ በ10» ካሏችሁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ያልነገራችኋቸው ሽማግሌ አባት ከሰዓት በኋላ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፣ ቀጠሮው ያልፋል።

ማረፊያ ከሆስፒታሉ በእግር በሚደረስበት ያዙ። ዴልሂ ትራፊክ ላይ የታመመ ሰው ማመላለስ ቀላል አይደለም። ያረፋችሁበት ቤት ፓስፖርታችሁን ኮፒ አድርጎ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ያስመዘግባል። ሕግ ነው፣ አትደንግጡ፤ እንዲያውም የማያስመዘግብ ቤት አትያዙ። ከ180 ቀን በላይ የምትቆዩ ከሆነ በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ኤፍአርአርኦ የሚባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ዘንድ ትመዘገባላችሁ። የቪዛ ማራዘሚያም በእሱ በኩል ነው፤ ሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል።

ወቅቱንም አስቡበት። በግንቦትና ሰኔ ዴልሂ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አየሩ በጭስ ይታፈናል። የሳንባ ወይም የልብ ታካሚ ከሆነና ሕክምናው መቆየት የሚችል ከሆነ ቀኑን ወይም ከተማውን ስለመቀየር ሐኪሙን ጠይቁ።

7. ሐኪሙ ፊት

ትልቁ ስፔሻሊስት ጋ የምታገኙት ጊዜ አጭር ነው። ረዳቶቹ ቀድመው ታሪኩን ይወስዳሉ፤ እሱ ገብቶ፣ ምስሉን አይቶ፣ ወስኖ ይወጣል። ንቀት እንዳይመስላችሁ። ጥያቄያችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግቡ፤ ከሦስት አይብለጥ።

አስተርጓሚ ከሆስፒታሉ ጠይቁ። ሲተረጉም ሐኪሙ ብዙ ተናግሮ እሱ «ደህና ነው ይላል» ብቻ ካለ አስቁሙት፣ ይድገምላችሁ። አንዳንድ ሐኪም ስትጠይቁት ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። እምቢ ማለቱ አይደለም፣ «እሺ፣ ገባኝ» ነው።

የመድኃኒት ማዘዣው ላይ 1-0-1 የሚል ታያላችሁ። ጠዋት አንድ፣ ቀን ምንም፣ ማታ አንድ ማለት ነው። 0-0-1 ማታ ብቻ። «ኤስ ኦ ኤስ» የተባለው ደግሞ ሲያስፈልግ ብቻ የሚወሰድ ነው። ይህን ሳያውቅ የሕመም ማስታገሻውን በየቀኑ የሚውጥ ሰው ስላለ ከፋርማሲ ሳትወጡ እያንዳንዱ ፓኮ ላይ በአማርኛ ጻፉበት።

ነፍሰ ጡር አብራችሁ ካለች ደግሞ አልትራሳውንድ ላይ «ወንድ ነው ሴት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሕንድ ውስጥ የፅንስን ጾታ መናገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሐኪሙን ያስቀጣዋል።

8. ሲተኛ

ከመተኛት በፊት ተቀማጭ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ሒሳቡ ከእሱ እየተቀነሰ ይሄዳል። የዕለቱን ሒሳብ በየቀኑ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ ከመከራከር ያልተሠራ ምርመራ ተመዝግቦ ሲገኝ በዕለቱ ማሳረም ይቀላል።

አስታማሚ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ በመለያ ካርድ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል በተወሰነ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምትገቡት። እንደ እኛ አገር ዘመድ አልጋ ከቦ መዋል የለም፤ ክልከላው ኢንፌክሽን ለመከላከል ነው። አገር ቤት ላለው ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ ይደውል፣ ያም ሰው ለሌላው ያዳርስ። ካልሆነ አስታማሚው ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያነሳ ይውላል።

ምግቡ ይከብዳል። የምግብ ባለሙያዋ ስትመጣ ጾም ላይ ከሆናችሁ «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አልበላም» ብላችሁ ዘርዝሩ። «አትክልት ብቻ» ካላችሁ እርጎና አይብ ይመጣላችኋል። ድርቆሽና ሽሮ ለአስታማሚው ጥሩ ነው። ለታካሚው ግን ሳትጠይቁ አታጉርሱ፤ ለኩላሊት ታካሚ ጨዉ፣ ከሆድ ቀዶ ጥገና ለወጣ ሰው ደግሞ በርበሬው ችግር ነው።

ለኩላሊት ንቅለ ተከላ የምትሄዱ ይህን ሳታነቡ አትነሱ

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 የወጣው የሕንድ ሕግ የአካል ክፍል መሸጥንም መግዛትንም ወንጀል ያደርጋል። ለውጭ ታካሚ የሚሰጠው የቅርብ ዘመዱ ነው፦ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ የትዳር ጓደኛ፣ አያት፣ የልጅ ልጅ። ሕንዳዊ ዘመድ ካልሆነ ለውጭ ዜጋ በሕይወት ሳለ መስጠት አይችልም። ዘመድ ብትሆኑም ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ፊት ትቀርባላችሁ፣ ለጋሹንም ታካሚውንም ይጠይቃሉ፣ ዝምድናውን ኤምባሲ ማረጋገጥ አለበት። «ለጋሽ እዚያ እናገኝላችኋለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉ። ወረቀቱ ጊዜ ስለሚወስድ የልደት ማስረጃዎቹን በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ አስጨርሳችሁ ሂዱ።

9. ስትወጡ

ሐኪሙ ጠዋት «ዛሬ ትወጣላችሁ» ቢል የምትወጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ያልተሠራበት መድኃኒት ወደ ፋርማሲው ይመለሳል፣ ሒሳቡ ይዘጋል፣ ወረቀቱ ይታተማል። የዚያኑ ማታ በረራ አትያዙ።

የመውጫ ወረቀቱን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የበሽታው ስም፣ የተሠራው ሥራ፣ መድኃኒቱ፣ የሚቀጥለው ምርመራ ከነቀኑ፣ «ይህ ምልክት ከታየ ሐኪም ጋ ሂዱ» የሚለው መኖር አለበት። ስቴንት፣ ቫልቭ ወይም ፔስሜከር ከገባ የዕቃው ዓይነትና ቁጥር ያለበትን ካርድ ተቀበሉ። ነገ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ሲታዘዝ ማሽኑ ውስጥ መግባት ይችላል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ያ ካርድ ነው።

መድኃኒቶቹ በንግድ ስማቸው ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው ባለው ንጥረ ነገር ስም ይጻፉላችሁ። የሕንዱ የንግድ ስም ቦሌ ፋርማሲ ላይታወቅ ይችላል። አገር ቤት የማይገኝ ካለ ሐኪሙን አሁኑኑ ጠይቁ፣ በሌላ ይተካው ወይም በቂ ይዘዝላችሁ።

10. በረራው

«መብረር ይችላል» የሚል የሐኪም ወረቀት ያዙ። አየር መንገዱ ኦክስጅን ወይም አልጋ ለሚፈልግ ሰው ቀድሞ የሚሞላ ቅጽ አለው፤ ኤርፖርት ደርሶ መጠየቅ አይሠራም። አውሮፕላን ውስጥ ግፊቱ ስለሚቀንስ በሰውነት ውስጥ ያለ አየር ይሰፋል። ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተሞላለት የሬቲና ታካሚ ጋዙ ሳይጠፋ ቢበር ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። የሆድና የደረት ቀዶ ጥገናም መጠበቅ አለው። ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ እግሩ ላይ ደም ሊረጋ ስለሚችል ስለ መከላከያው ጠይቁ፤ መንገድ ላይም ተነሥቶ ይንቀሳቀስ።

ተመላሽ ቲኬቱ ቀኑ የሚቀየር ይሁን። ርካሹ የማይቀየረው ቲኬት በሕክምና ጉዞ ላይ ርካሽ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- የቆየ ምርመራ ይዞ መሄድ። ዕጢ ያድጋል፤ የወራት ምስል ላይ የተሰጠ ዋጋ ደርሳችሁ ይለወጣል።
- ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰዱ ሳይናገሩ ቀዶ ጥገና ቀን መድረስ። አስፕሪንም ይቆጠራል፤ የባሕል መድኃኒትም ንገሯቸው።
- ደርሶ በሰው ወሬ ሆስፒታል መቀየር። ቪዛው የተሰጠው በመጀመሪያው ሆስፒታል ደብዳቤ ስለሆነ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ።
- አገር ቤት የሚከታተል ሐኪም ሳያዘጋጁ መሄድ። ሪፈር የጻፈውን ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት «ስመለስ ትቀበለኛለህ?» በሉት፤ የመውጫ ወረቀቱንም ኮፒ ስጡት።
- የሕንድ ሲም ቁጥር ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ትቶ መምጣት። የባዮፕሲ ውጤት ከወጣችሁ በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ እሱም የሚላከው እዚያ በተመዘገበው ቁጥር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ቁጥራችሁንና ኢሜይላችሁን አስመዝግቡ።